በገበያ ቀን የተዘጋው ሱቅ

መኪያ ቦንጋ የመጣችው የከሚል ሙሽራ ሆና ነው። ሱቃቸው ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ጫማ ይሸጣሉ። እሷ ከመጣች ወዲህ ሱቁ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የዋለው ለኢድና ለለቅሶ ብቻ ነው። ከሚል በዚህ ይኮራል። መኪያ ደግሞ ገበያ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ በስልኳ የሰው ሽርሽር ታያለች፤ የአክስቷ ልጆች ላንጋኖ፣ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዋ ከነቤተሰቧ አርባ ምንጭ።

አምና እሷም ቤተሰቧን ይዛ ልትሄድ ቆርጣ ተነሳች። ከዋጫ በኩል ከሚመጡ ገበሬዎች እርጥብ ኮረሪማ እየገዛች ጓሮ ሰሌን ላይ አደረቀች፤ ለጅማ ነጋዴዎች ሸጠች። ደመና ባየች ቁጥር ደንበኛ አቁማ ወደ ጓሮ ትሮጥ ነበር። ከሚል መጀመሪያ ሳቀባት። በኋላ ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር የአራት ሰው የሐዋሳ መሳፈሪያና ማደሪያ ብር ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጥለት ቆጥሮ ተስማማ።

ሆኖም አንድ ቃል አስገባት፦ ፌስቡክ ላይ ፎቶ አይወጣም፣ ለጎረቤትም አይነገርም።

«የስኳሩ ዋጋ ጭማሪ የት እንደገባ አወቅን ነው የሚሉን» አለ።

እሷም በፋንታዋ ስልኩን እንዲያጠፋ አሳመነችው። ክፍት ከሆነ ሐይቅ ዳር ተቀምጦም ሳሙና እንደሚሸጥ ታውቃለች።

ሳይነጋ ወጡ። በተርጫና በሶዶ አድርገው፣ ትንሹን ሰሚርን በየጠመዝማዛው እያስመለሰው፣ ሐዋሳ ገቡ። በማግስቱ ቦንጋ የገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን የከሚል ሱቅ ከተዘጋ፣ ለሰፈሩ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው። ወራቤ ያሉት አባቱ ታመው እንደከረሙ ደግሞ የማያውቅ የለም።

በዚያው ቀን ከሚል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ሐይቁ ዳር ቆሟል። ሰሚር የሰጠው ዓሣ ከእጁ ሊያመልጥ ሲል በሳቅ ፈነዳ፤ መኪያም ፎቶ አነሳችው። ስልኳ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ከሱቃቸው ጎን ዳቦ የሚሸጡት እትዬ ተሾመች ናቸው።

«መኪያዬ፣ አይዞሽ። ቀብሩ ቢያመልጠንም ለለቅሶው እንድረስ ብለናል። እድሩ ሚኒባስ ይዟል፤ ነገ ጠዋት ወራቤ እንነሳለን።»

«የማን ለቅሶ ነው፣ እትዬ?»

እትዬ ተሾመች ደነገጡ። መኪያ ማንም እንዳልሞተ፣ ሐዋሳ ለመዝናናት እንደመጡ አስረዳቻቸው። «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» እያሉ ሰሙና በችኮላ ዘጉ። መርዶው ያልደረሳት መስሏቸዋል፤ መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም።

ከሚል ስልኩን ከፍቶ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጣሰው ጋ ደወለ። ጋሽ ጣሰው አላስጨረሱትም፤ ወንድ ልጅ እንደሚችለው፣ ለሚስቱም ቀስ ብሎ እንዲነግራት መከሩት። የከሚል ፊት ጠቆረ። ምናልባት ቦንጋ የሰማውን ያልሰማው እሱ ብቻ ይሆናል። መኪያ ስልኩን ተቀብላ ወራቤ ደወለች። ረጅም ጊዜ ጠራ። ያነሱት ራሳቸው ሽማግሌው አባቱ ናቸው።

ልጃቸው ሁሉን ሲነግራቸው አዳመጡና «በገበያ ቀን ሱቅ ዘጋህ?» አሉ። «ታዲያ ሞተ ቢሉኝ ምን ያስደንቃል።» ቀጥለውም የልጆቹን ፎቶ በእህቱ ስልክ እንዲልክላቸው አዘዙት።

ከሚል በነጋታው በመጀመሪያው መኪና ቦንጋ ተመልሶ ሱቁን ሊከፍት አሰበ። መኪያ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«የያዝነው ቀን ሳያልቅ አንመለስም። ሱቅ የሚዘጋው ሰው ሲሞት ብቻ እንዳልሆነ እናስለምዳቸው እንጂ።»

«ሚኒባሱስ?»

«ቃላችንን አያምኑም። ፎቶ እለጥፋለሁ።»

ከሚል «ለጥፊው» አለ። «ግን ወንበር ላይ የተቀመጥኩበትን።»

«በሱ ለቅሶ ቤት የተቀመጥክ ነው የምትመስለው።»

ሱሪው የተጠቀለለበትን፣ ዓሣው የሚያመልጥበትን፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይበትን ለጠፈች። ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ «ከሐዋሳ። ሁላችንም ደህና ነን፤ አባባም ደህና ናቸው። ሱቅ ማክሰኞ ይከፈታል።»

ቀድማ የመለሰችው የእትዬ ተሾመች ልጅ ሜሪ ነበረች፤ እናቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሳቁ እንደሆነ ጻፈች። ጋሽ ጣሰው ቆይተው ጻፉ፦ «የስኳሩ ጭማሪ ዓሣ ሆኖ አየነው። የሚኒባሱን ቀብድ ግን ማን ይክፈል?»

ከሚል አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። የፈራው ቃል ይኸው ተጽፎ መጣ፤ ከሥሩም ሰው ሁሉ ይስቃል። «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ መለሰና ልጆቹን ጀልባ ሊያሳፍር ሄደ።

ማክሰኞ ሱቁ ተከፈተ። ደንበኛው ሁሉ ሳሙና ከመጠየቁ በፊት ዓሣ እንዳለ ይጠይቅ ነበር። ቀልዱ ወር ሙሉ ቆየ።

ዘንድሮ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሳምንት መኪያ ሰሌኑን ጓሮ ዘረጋች። ከሚል ሳይጠራ መጥቶ ጎንበስ አለና ኮረሪማውን እያገላበጠ አርባ ምንጭ ከሐዋሳ ይርቅ እንደሆነ ጠየቃት።

«አላውቅም» አለች መኪያ። «ለእትዬ ተሾመች ግን እንደምንሄድ ነግሬያቸዋለሁ።»