ስኳር አለበት?

ስኳር የለብኝም። ሐኪሙም ነግሮኛል፣ የደም ምርመራውም ይህንኑ ነው ያለው። ግን የእናቴ ታናሽ ወንድም በስኳር እግሩ ተቆርጦ ነው የሞተው፤ ዕድሜዬ ወደ እሱ በቀረበ ቁጥር ውኃ ሲጠማኝ እንኳ እደነግጣለሁ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ሲያመጣልኝ ታዲያ፣ ጤነኛ ነኝ ብዬ አልመለስኩለትም። ከሳንቲም ትንሽ ከፍ ያለች ክብ ነገር ናት። ቀጭን ክሯ ቆዳ ውስጥ ገብታ ቁጥሩን ወደ ስልክ ትልካለች።

የማስተምረው ቡሬ ነው። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ስልኬን ሰርቄ አያለሁ። ሽሮ በላሁ፣ ቁጥሩ ወጣ። ደረጃ በሩጫ ወጣሁ፣ ቁጥሩ ወረደ። አንድ ዓርብ ረፋድ ሚኒባስ ውስጥ ለሦስት ሰው ወንበር አራት ሆነን ተጣበን ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩ ቁልቁል ወርዷል። አለቀልኝ አልኩ። ከጎኔ ያለችውን ሴት ከረሜላ ለምኜ ጾሜን ሻርኩ። ለካስ ክንድ ሲጫን መለኪያዋ ትሳሳታለች፤ የእኔ ደግሞ መስኮቱ ላይ ተጨፍልቃ ነበር። በራሴ ተናደድኩ፣ ግን አላወለቅኳትም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከፍኖተ ሰላም ወዲያ ካለው አገራችን ልትጠይቀን መጣች። እታለም ነው የምንላት። እጅጌ ጉርድ ለብሼ ስለነበር ክንዴን አየችው። እሷ ነገርን ፊት ለፊት አትጠይቅም። እኔ ስልኬ ላይ እንዳቀረቀርኩ፣ ሻይ ወደምትቀዳው ባለቤቴ ጠጋ ብላ፣ «ስኳር አለበት?» አለቻት በዝግታ።

ባለቤቴ ዓይኗ ብርጭቆው ላይ ነበር። እታለም የጣፈጠ ሻይ እንደማትወድ ታውቃለች።

«አለበት፤ ግን ትንሽ ነው እማማ፣ ብዙም አይታወቅዎትም።»

እታለም ሻዩን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። በማግስቱ ላሟ ልትወልድ ነው ብላ በጠዋት ሄደች።

በሳምንቱ ወንድሜ ደወለ። «እታለም ከጠበል ስትመለስ ወደቀች። ስለት ተስያለሁ ብላ እስኪመሽ እህል አትቀምስም። ለማን እንደሆነ አትናገርም» አለኝ። ያለሁበትን ትቼ መኪና ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ስልኬ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላየሁትም። ትሞትብኛለች የሚለው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

መደብ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቋል።

«ሚስትህ ነግራኛለች ልጀ» አለችኝ። «ትንሽ ነው አለችኝ። ለወንድሜም ሲጀምረው ትንሽ ነው ብለውት ነበር።»

ያን ቀን በግማሽ ጆሮ የሰማሁት ነገር ያኔ ገባኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ። የመለሰችልሽ ስለ ሻዩ ነው ብዬ እየማልኩ ነገርኳት።

«ታዲያ ጤነኛ ሰው ይኸን ምን ብሎ ይለጥፋል?»

ፈርቼ ነው ማለት ነበረብኝ፤ ግን ፍርሃቴን ብትሰማ በሽታውን ማመኔ ሊመስላት ነው። እንድታምነኝ ብዬ መለኪያዋን ከክንዴ ላይ ነቀልኳት። አንድ ጠብታ ደም ወጣች።

«ወየው ልጀን! ምነው ነቀልኸው?» ያን ያህል የደከመች ሴት ብድግ ብላ ተቀመጠች። ከእጄ ቀምታ ክንዴ ላይ መለሰቻትና በመዳፏ ተጫነቻት። አንዴ ከተነቀለች አትመለስም ብላት አልሰማችኝም። «እንግዲያ እኔ እይዛታለሁ» አለች።

ወንድሜ እንጀራ በሳህን አቀበለኝ። በሌላው እጄ ጉርሻ ይዤ ወደ አፏ አስጠጋሁ። ፊቷን አዞረች።

«መጀመሪያ ያን ስልክ እየው። ምን ይላል?»

አየሁት። ምንም አይልም፤ ቁጥሩ ጠፍቷል።

«ደኅና ነው ይላል፣ እታለም» አልኳት። አፏን የከፈተችልኝ ያኔ ነው።