ከቱታው ጋር የገባው እርሳስ

መጀመሪያ አፉ ነበር። ባለቤቴ ኤልያስ ምሳ ላይ ጎርሶ ፊቱን አጨማደደ፤ «ብረት ብረት ይላል» አለ። ወጡን ቀየርኩ፣ ድስቱን ቀየርኩ። ብረቱ ከአፉ አልወጣም።

ኤልያስ እዚሁ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ራዲያተር ይበይዳል፤ ሙያውን የወረሰው የባቡር ጥገና ሠራተኛ ከነበሩት አባቱ ነው። ሆዱ ደረቀ። እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ ዝም አለ። ድሬ ላይ ወንድ ዝም ካለ ተጠያቂው የታወቀ ነው፤ ወይ ሙቀቱ ወይ ጫቱ። ጎረቤቴ ከድጃ «አቦ፣ ጫቱን አስተዪው፣ ወላሂ ይድናል» አለችኝ። ተጨቃጭቄ አስተውኩት። ባሰበት።

የአራት ዓመቷ ልጃችን ሊያ ከሥራ ሲመጣ ሮጣ እግሩ ላይ ትጠመጠም ነበር። አንድ ቀን ገፋት። እሷ አላለቀሰችም። እኔ አለቀስኩ።

በሳምንቱ የአባቱን ጉጠት ለሥራ ባልደረባው ሰጠ። ማንም እንዲነካበት የማይፈቅደውን ጉጠት። ለምን አልኩት። «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» አለ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው። ፈራሁ። በዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሄሞግሎቢኑ ዝቅ ብሏል፤ ደም ማነስ ነው። ሐኪሟ ስለ ጫቱ ስነግራት የኤልያስን መዳፍ ገልብጣ አየች።

«የት ነበር የምትቅመው?»

«ጋራዥ ነዋ፣ ሥራ ላይ።»

«ታጥበህ?»

መዳፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የደሙ ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ለአፍታም ብቻውን አልተውኩትም። ውጤቱ መጣ። የእርሳስ መመረዝ፣ ሌድ ፖይዝኒንግ።

«ድብርት ብዙ ምክንያት አለው» አለች ሐኪሟ። «እርሳስም አንዱ ሊሆን ይችላል። ጫቱን ብትተው እርሳስ ያለበትን የብየዳ ጢስና አቧራ አልተውክም።» ወደ እኔ ዞረች። «ቱታውን ማን ያጥባል?»

እኔ። ከሊያ ልብስ ጋር። በአንድ ሳፋ።

ሊያም ተመረመረች፤ እርሳሱ የልጄም ደም ውስጥ ተገኘ። እጄን ጠላሁት።

ኤልያስ ለወራት ከጋራዡ ርቆ፣ የድብርት መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ፣ ከሥነ ልቦና አማካሪው ጋር እየተነጋገረ ቆየና አንድ ቅዳሜ ወደ ከፊራ ገበያ አብሮኝ ወጥቶ ከማንጎ ሻጯ ጋር በኦሮምኛ ሲቀልድ ሰማሁት፤ እዚያው ሰው መሀል ቆሜ አነባሁ። ጉጠቱንም ባልደረባው ራሱ መለሰልን። ዛሬ ብየዳውን ትቶ ራዲያተር ይፈታል፣ ይገጥማል። የሊያ ደም ውስጥ ያለው እርሳስ እየቀነሰ ነው፤ ምን ጎድቷት እንደሆነ ግን ሐኪሟም ገና አታውቅም።

መዳፉን ገልብጣ ያየችውን ሐኪም ፈጣሪ ይባርካት። ልጄን ስትጠብቅልኝ የከረመችውን ከድጃንም። እናንተ ቤት ዝምታ ከገባ ለጫትና ለሙቀት ብቻ አትስጡት፤ ሰውዬው ምን ሲነካ እንደሚውል ለሐኪም ንገሩ። የሥራ ልብስ ለብቻው ይታጠብ። «ባልኖር» ካለ ደግሞ ነገ አትበሉ።

ሊያ ዛሬም አባቷ ሲመጣ ትሮጣለች። ታጥቦ ልብሱን እስኪቀይር ቀሚሷን ይዤ የማስቆማት እኔ ነኝ።

«እማ፣ አባዬ ደግሞ ተቆጣ እንዴ?» ትለኛለች።

አልተቆጣም እላታለሁ። የውሃው ድምፅ እስኪቆም አብረን እንጠብቃለን።