ያልበራው መብራት

የአንጎል ተመራማሪዎች አሰላ ላይ በሚሠለጥኑበት ክፍል ጽዳት የሚሠሩት እማማ ፋጡ፣ የአሠልጣኟን ስም እንኳ አያውቁም። ሴትዮዋ በዚያ ብርድ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሰዓቷን አውልቃ፣ ጸጉር የምታህል የመስታወት ክር በአይጧ ራስ ላይ ስትገጥም በሹክሹክታ “ይቅር በይኝ” ትላለች። የአይጧ አንጎል ሲነቃቃ በክሩ የሚመለሰው ብርሃን ይደምቃል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመርም ከፍ ይላል።

ትናንት ግን የሠልጣኟ የለሊሴ መስመር ተዘበራረቀ። “እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይሄ ሥራ ያንቺ አይደለም!” አለቻት አሠልጣኟ ሰው ፊት። ልጅቷ አልቅሳ፣ ወደ በቆጂ ልትመለስ ልብሷን ሸካከፈች።

ዛሬ ጠዋት እማማ ፋጡ ሲወለውሉ፣ ሴትዮዋ መሣሪያው ፊት ፈዛ ተቀምጣለች።

“እጇ ደህና ነበር፣ እማማ። የአይጧን መወራጨት ከአንጎሏ ሥራ የሚለየውን ሁለተኛውን መብራት እኔ ነኝ ማብራት የረሳሁት።”

“ታዲያ ንገሪያታ፣ ልጄ!”

“ሃያ ዓመት አስተምሬ?”

“እሷስ ዕድሜ ልኳን እጇን ስትጠላ ትኑር?”

 ሴትዮዋ ተነሣችና ኮቷን ግራና ቀኝ አዛንፋ ቆለፈች።

“የበቆጂ መኪና ቶሎ ይሞላል?”