የጋሽ መኩሪያ የጾም እንቁላል

የጾም እንቁላል ከእውነተኛው አይለይም ይላሉ። ይለያል። አብስዬዋለሁ፤ ሰውም አታልዬበታለሁ።

በቀደም እዚህ ስቶክሆልም፣ ፋርስታ የገበያ አዳራሽ ውስጥ አፍንጫዋን የተበሳች አንዲት ወጣት እንቁላል የሌለበት የእንቁላል ጥብስ በጥርስ መጎርጎሪያ እየወጋች ለአላፊ አግዳሚው ታድል ነበር። ከመጥበሻዋ የጥቁር ጨው ሽታ መጣ፤ ያ ከህንዶች ሱቅ የሚገዛው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጨው። የሰሊጥ ዘይትም ነበረበት። ልጅቷ ዓለምን ስለማዳን ትናገራለች። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ጋሽ መኩሪያ በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ብስክሌት ያከራዩ ነበር። ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ፣ በግራ ጆሯቸው የማይሰሙ፣ ልጅ የማይመቱ ሰው ነበሩ። የቆርቆሮ ሱቃቸው ማስቲሽና ቅባት የጠጣ ጨርቅ ይሸታል። ጣሪያው ላይ የተቀደዱ የጎማ ከመነዳሪዎች እንደ ቋንጣ ተንጠልጥለዋል። ጥጉ ላይ ፈርኔሎ፣ ፈርኔሎው ላይ ደግሞ ከኮሪያ በሻንጣ ያመጧት ጥቁር የሸክላ ድስት ነበረች። እንቁላሉን በውሃ ያቀጥኑትና ይመቱታል፣ ጨውና የሽንኩርት ቅጠል ይጨምራሉ፣ በጎድጓዳ ሳህን ይከድኑታል። ክዳኑ ሲነሳ እንቁላሉ ከድስቷ አፍ በላይ አብጦ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት፣ ከዚያ ለያንዳንዳችን አንድ ማንኪያ። ስሙ ኬራንጂም ነው ይሉናል። ከአሥር ልጅ አንዱ እንኳ በትክክል ጠርቶት አያውቅም።

ረቡዕና ዓርብ፣ በአጽዋማቱም ሁሉ፣ ድስቷ መደርደሪያው ላይ ተደፍታ ትውላለች። ተደፍታ ካየናት አንጠይቅም።

እኔ በተማሪነት ስቶክሆልም መጥቼ በዚያው ቀረሁ። ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ልጃቸው ሰብለ እሳቸውን ወደዚሁ ከተማ ዳርቻ፣ ወደ ስፖንጋ አመጣቻቸው። ሰባ አልፏቸው፣ ሆዳቸው ተቀዶ ነበር። ድስቷም አብራ መጣች። የመጀመሪያው ሁዳዴ ሲገባ ውጭው ገና በረዶ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ኮታቸው ውስጥ እየጠፉ ነበር። ሐኪሙ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ብሎ አዟል።

«ቄሱ እንኳ በስልክ ከጾሙ ፈትተዋቸዋል፤ እምቢ አሉ» አለችኝ ሰብለ። «አንተን ይሰሙህ ይሆናል። እባክህ፣ አባቴ እየሞተ ነው።»

ሄድኩ። 

«አባ ፈትተውዎት የለ?» አልኳቸው።

«እሳቸው ፈትተውኛል። እኔ አልፈታሁም።»

«እግዜር እንደ እርስዎ ግትር ይመስልዎታል?»

«አንተ የለም ትላለህ ሲሉ ሰማሁ። ከሌለ ስለ ጠባዩ ምን አገባህ?»

ከዚያ በልጅነቴ ነግረውኝ የማያውቁትን ነገሩኝ። ኮሪያ ውስጥ፣ እንዲህ ባለ በረዶ፣ በሁዳዴ የቆርቆሮ ሥጋ መጣላቸው። የጦሩ ቄስ ፈቱላቸውና በሉ። አጠገባቸው የነበረው ወታደር ግን አልበላም አለ። በማግስቱ ጥይት ወሰደው።

«እኔ በልቼ ተረፍኩ» አሉ። «ከዚያ ወዲህ የሱንም ጨምሬ ነው የምጾመው።» «ኬራንጂም ግን አምሮኛል። ፋሲካ ይድረስ» አሉ።

ፋሲካ ሊደርስ ይችላል። እሳቸው የሚደርሱ አይመስሉም ነበር።

እኔ ሽምብራ አቡክቶ ዓሳ አስመስሎ የሚቀርጽ ሕዝብ ልጅ ነኝ፤ እንቁላል ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ ፈጨሁ፣ የሽምብራ ዱቄት፣ እርድና ጥቁር ጨው ጨመርኩበት፣ በድስቷ አፈላሁት። ጋሽ መኩሪያ ኮታቸውን እንደለበሱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው ያዝዙኛል። የመጀመሪያውን ቀመሱና፣ «ይሄን ያኔ ብናገኘው ስንት ከመነዳሪ እንለጥፍበት ነበር» አሉ። ሁለተኛው ውሃ ሆነ። ሦስተኛውን አራት ማንኪያ በሉልኝ። አንዱም ግን አላበጠም። ሁሉም ድስቷ ሥር ተኝቶ ይቀር ነበር።

አራት ማንኪያው ሁለት ሆነ፤ ከዚያ አንድ። አንድ ቅዳሜ ከወንበር ሊነሱ ሲሉ ተንገዳገዱ፤ ደግፌ ስይዛቸው ክንዳቸው እጄ ውስጥ እንደ ብስክሌት መንፊያ ቀጠነብኝ። ክፍላቸው አስተኝቻቸው ወጥ ቤት ተመለስኩ። ሦስት እንቁላል መትቼ በድስቷ ጣድኩ። ሲያብጥ እንዳያዩት በጎድጓዳ ሳህን ገልብጬ ወሰድኩላቸው።

ጠርገው በሉት። «ዛሬ እጅህ ተባረከ» አሉኝ። ሰብለ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ በደስታ አለቀሰች። እኔም ሰውን ሳያማክር የሚያድን ሰው ሁሉ እንደሚኮራው ኮራሁ።

ድስቷን ግን ከሳቸው በቀር ማንም አያጥባትም፤ ይህን ከልጅነቴ እያወቅኩ ረሳሁት። ግድግዳውን ተደግፈው መጡና ቧንቧውን ከፈቱ። ውሃው ብዙ ፈሰሰ።

«ልጄ» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«አቤት።»

«ሽምብራ ግድግዳ አይወጣም።»

አየሁት። ከድስቷ አፍ ጥግ ላይ፣ እንቁላሉ አብጦ የደረሰበት ቦታ፣ ቢጫ ቅርፊት ዙሪያውን ተጋግሮ ነበር።

«ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«እሺ» አሉ። አልተቆጡም። ቅርፊቱን በጥፍራቸው ፋቁ፣ ድስቷን አደረቋት፣ መስኮቱ ሥር ደፏት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው የሠራውን አልቀመሱም፤ የሰብለንም ጭምር። ራሳቸው የቆረሱት ዳቦና ራሳቸው ያፈሉት ሻይ ብቻ። እኔ እየሄድኩ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ስለ ብስክሌት እናወራለን። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «ለኔ ብለህ ነው» ይሉኛል። ያቀረብኩላቸውን ግን አይነኩም። ከሆሳዕና በፊት ሞቱ። ሐኪሙ ምግቡ ለውጥ አያመጣም ነበር አለን። ደግ ሰው ነው፤ ለሁሉም እንዲህ ሳይል አይቀርም።

ሰብለ ድስቷን ሰጠችኝ። «አንተ ውሰዳት» አለች፣ «እኔ ላያት አልችልም።» መጻሕፍቴ መሀል ተደፍታ ትኖራለች፤ ረቡዕም፣ ዓርብም፣ ፋሲካም።

እናንተም ቤት አልበላም ያለ ሽማግሌ ካለ ለምኑት፣ ተቆጡት፣ እግሩ ላይ ውደቁ። እንቁላሉን ግን እንቁላል ነው በሉት።