እነሱ ሲያሽጉ እኔ ስፈታ

አሠልጣኙ ፕሮጀክተሩን ራሱ ተሸክሞ ገባ። ባነሩን ራሱ ሰቀለ፤ ሶኬት ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር የገባውም ራሱ ነው፤ የታሸገውን ውኃ እንኳ ለማንም አላመነም፣ እየዞረ ራሱ አደለን። ከዚያ ላቡን ጠረገና "የኦንላይን ነጋዴ የሚወድቀው ሁሉን ነገር ራሴ ልሥራ ሲል ነው" አለ። እኔ ከሐይቅ ደሴ ድረስ በሚኒባስ ታጭቄ የሄድኩት ይህን ለመስማት ነበር። ሳቄ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ታናሽ እህቴን በክርኔ ጎሸም አደረግኋት፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም፤ ስልኬ ላይ የደንበኛ መልእክት ገብቶ ነበር።

ሥራዬ ባልትና ነው። ሐይቅ ካለው ቤታችን ጓሮ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬና የሾርባ ገብስ እናዘጋጃለን፤ እኔ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ አዲስ አበባና ዓረብ አገር ያሉ የወሎ ልጆች ያዛሉ። የጀመርኩት ዓረብ አገር ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ምክንያቴ አንድ ነበር፤ እህቴ እንዳትሄድ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት በዋለችበት ዓመት የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ፓስፖርት ለማውጣት ይሯሯጥ ነበር። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ማዳሜ የጠረግኩትን ክፍል እንደገና የምታስጠርግ፣ ከኋላዬ ነጭ ሶፍት ይዛ የምትዞር፣ የወለወልኩትን ጠረጴዛ በሶፍቱ አሽታ አፍንጫዬ ሥር የምታስጠጋ ሴት ነበረች። "አንቺ እዚያ አትገቢም" አልኳት እህቴን። "ሥራ አለን፤ የኛ ነው፤ የትም አትሄጂም።"

የኛ አልኩ እንጂ የኔ ነበር። ስልኩ የኔ፣ የይለፍ ቃሉ የኔ፣ ሚዛኑ የኔ። እሷ ትለቅማለች፣ ትቆላለች፣ ወፍጮ ቤት ትመላለሳለች። ቆልታ ስታወርድ እፍኝ አንስቼ ማኘክ አለብኝ። አስፈጭታ ስትመጣ በጣቶቼ መሐል ማሸት አለብኝ። "መልእክቱን እንኳ እኔ ልመልስልሽ፣ እታለም" ስትለኝ መልሴ አንድ ነበር፤ "ገና ነሽ።" ሁለት ዓመት ሙሉ ገና ነበረች።

ደግሞስ ማን ይታመናል? አንድ ጊዜ ለቅሶ ስሄድ ስልኩን ለአጎቴ ልጅ ሰጥቼ ነበር። ይሄ የሐይቅ ሰው "የለም" የምትለዋን ቃል እናቱ ሳታስተምረው ነው የሚያድገው። "በሶ አለ?" ላለ ሁሉ "ኢንሻአላህ" ብሎ መለሰ። "ለሐሙስ ይደርሳል?" "ኢንሻአላህ።" "ቀይ ሽሮስ?" "ኢንሻአላህ፣ አብሽሪ።" ማታ ስመለስ ቀይ ሽሮ ሠርቼ የማላውቀዋ ሴትዮ የሠላሳ ሰው ቀይ ሽሮ ተበዳሪ ሆኜ ተገኘሁ። ባጃጅ ነጂውማ ዕቃዬን መናኸሪያ ላይ ለማያውቃት ሴት አስረክቦ "መልኳ አንቺን ስለሚመስል ዘመድሽ መስላኝ" አለኝ። ከእንዲህ ያለ ሕዝብ ጋር ነው አሠልጣኙ ሥራ አከፋፍዪ የሚለኝ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ትዕዛዙ ከአቅሜ በላይ ሆነ። በተለይ የሾርባ ገብሱ። ዓርብ ወደ ዓረብ አገር የምትበር አንዲት ሴት አርባ ኪሎ ልታደርስልን ቃል ገብታለች፤ ሻንጣዋ ከዚያ በላይ ግራም አይጨምርም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደሴ ላይ ልትረከበኝ ነው። ረቡዕ ጠዋት እኔ ገና መልእክት እየመለስኩ፣ ገብሱ በጆንያ ቆሟል።

"ጅጌ እንጥራ" አለች እህቴ።

ጅጌ እኛ አገር ለአጨዳ ነው፣ ለቤት ክዳን ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ይሠራል፣ ይበላል፣ ዱዓ ተደርጎ ይበተናል፤ ነገ ደግሞ ባለተራው ሲጠራ አንተ ትሄዳለህ። "ለቴሌግራም ጅጌ!" ብዬ አፌዝኩባት። ግን ሌላ መላ አልነበረኝም።

ሐሙስ ማልደው መጡ። የጎረቤት ሴቶች፣ ከአምባሰል የወረዱ ሁለት አክስቶቻችን፣ ከአጥር ማዶ ያለችው ክርስቲያን ጎረቤታችንም ዐቢይ ጾሟን እየጾመች። ሚዛኑን እህቴ ከሁላችን ታላቅ ለሆኑት ለጎረቤታችን አሮጊት ሰጠቻቸው። አንዷ ትሰፍራለች፣ አንዷ ላስቲኩን ትይዛለች፣ አንዷ በማሸጊያው ትጫናለች፣ እህቴ ስቲከር ትለጥፋለች። እየተሳሳቁ፣ አንዷ ያነሳችውን ዜማ ሌላዋ እየተቀበለች፣ እኔ ሦስት ቀን የሚፈጅብኝን ለምሳ ሳይደርስ ጨረሱት። አርባውም የኪሎ እሽግ ግድግዳውን ተደግፎ ተደረደረ። እህቴ አየችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? አንዱን አንስቼ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። ከኪሎ ያልፋል። ሁለተኛውም ያልፋል። አሥረኛውም። አሮጊቷ ኪሎው ሲሞላ ከላዩ አንድ አንድ ጭብጥ ምርቃት እየጣሉበት ኖሯል፤ እንደ ገበያው ወግ። የወሎ ሴት ሚዛን ላይ ቆርጣ አትሰጥም፤ ያልመረቀ ነጋዴ ስሙ በክፉ ይነሳል። አርባ ጭብጥ ግን ሻንጣ ውስጥ ብዙ ነው።

መቀስ አነሳሁና የመጀመሪያውን ቀደድኩ። ጭብጡን ዘግኜ ጆንያው ውስጥ መለስኩ። ሁለተኛውን ቀደድኩ። ዜማው ተቋረጠ። ጅጌ የመጣ ሰው የሠራው በፊቱ አይፈታም፤ ቢጣመም እንኳ ሲሄድ ነው የሚቃናው። ይህን የማያውቅ የአምባሰል ሕፃን የለም፤ እኔም አውቃለሁ።

"ምን ጎደለው ልጄ?" አሉ አሮጊቷ።

"አልጎደለም፤ በዝቷል።"

"ወላሂ መብዛት ጥፋት ሲሆን ዛሬ ሰማሁ።"

ስለ ሻንጣው ነገርኳቸው።

"አጀብ! ታዲያ ስንጀምር አትነግሪንም ነበር?"

"ማወቅ ነበረባችሁ" አልኩ።

ማዳሜ በቀን አሥር ጊዜ የምትለኝ ቃል ነበር። ያኔ አልታወቀኝም። እህቴ ግን የያዘችውን ስቲከር አስቀምጣ ቀና አለችና ረጅም ጊዜ አየችኝ። ያን ታሪክ ከኔ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

ሴቶቹ እጃቸውን ታጠቡ። የቀረበውን ምግብ ለወግ ያህል ቀመስ አደረጉ። አሮጊቷ ዱዓ ሳያደርጉ ጫማቸውን አጠለቁ። ዱዓ ያልተደረገበት ጅጌ በሕይወቴ አላየሁም ነበር። እኔ ግን በልቤ "ይሂዱ፣ እኔው እጨርሰዋለሁ" አልኩ፤ እውነትም ጨረስኩት። አርባውን ቀድጄ፣ አርባውን መዝኜ፣ አርባውን አሽጌ ሰዓቱ ላይ ደሴ ደረስኩ። ምስጋና የሚገባኝ መስሎኝም ነበር፣ ምን ትላላችሁ!

ረመዳን ወጥቶ በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ፓስፖርቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ጮህኩ። ስምንቱን ዓመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘከዘክሁት። ሶፍቱን፣ ከኋላ መዞሩን፣ የታጠበ ሰሃን ማስታጠቡን። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝ።

"ባትነግሪኝም አውቀዋለሁ፣ እታለም" አለች በመጨረሻ። "ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። እዚያ ቢያንስ ማዳሟ እህቴ አይደለችም።"

ስልኩን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ሚዛኑን፣ ሁሉንም ውሰጂ ልላት ይገባ ነበር። ያልኩት ግን "እዚያ ሄደሽ ታዪዋለሽ" ነው። እንዲህ ያለ ምላስ ነው ያለኝ።

ሄደች። አልጋዋን ሳነሳ የሥልጠናውን ደብተር አገኘሁት። አሠልጣኙ ያለውን አልነበረም የጻፈችው። የኛን ሥራ ነበር ያከፋፈለችው። መልእክት የምትመልሰው እሷ፣ ሚዛን ላይ አሮጊቷ፣ ወፍጮ ቤት የአጎታችን ልጅ፤ "ኢንሻአላህ ማለት እዚያ አይጎዳም" ብላ ጽፋበታለች። ከታች የኔ ስም ያለበት መስመር ነበር፤ ከፊቱ "ትረፍ፣ ወገቧን ያማታል" ይላል። ያን ጊዜ እኔ በአሠልጣኙ እየሳቅኩ ነበር።

አሁን ብቻዬን እለቅማለሁ፣ ብቻዬን እቆላለሁ። ጅጌ ብጠራ የሚመጣ የለም፤ እኔንም የሚጠራኝ የለም። አሮጊቷ ሲያገኙኝ ሰላምታቸውን አይነፍጉኝም፤ ቤቴ ግን አይገቡም።

ባለፈው ዓርብ እህቴ ደወለች። ከኋላዋ ጸጥታ ነው። ማዳሟ የት እንዳለች ጠየቅኋት፤ የማዳሟን ክፋት የምሰማ መስሎኝ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

"ልጆቿን ይዛ ለሳምንት ከከተማ ወጥታለች" አለችኝ። "የቤቱንም የመጋዘኑንም ቁልፍ ለኔ ሰጥታኝ ነው የሄደችው።"

ከሄደች ገና ሦስት ወሯ ነው። እኔ ዘንድ ሁለት ዓመት ስትሠራ የስልኬን የይለፍ ቃል አታውቀውም ነበር።