ላልታሰረ ሰው የተቋጠረ ስንቅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ልብ ወለዴን አንብባችሁ ለብቸኛው ሽማግሌ ላዘናችሁ ግን ልናገር።

መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ በዚህ ላይ ትሕትና አላበዛም። ሰው ሁሉ የሚያነሳልኝ ምዕራፍ ሰባትን ነው፤ ያረረውን ሽንኩርት ሽታ፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን ድምፅ፣ በትራስ የታፈነውን ልቅሶ። «እንዴት አድርገህ ፈጠርከው?» ይሉኛል። አልፈጠርኩትም። ሰማሁት።

በደርግ ጊዜ፣ አፈሳው በበረታበት ሰሞን፣ ጉለሌ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። በጭቃ ግድግዳ የምንለያየው ጎረቤቴ ጋሽ መንገሻ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ጡረተኛ አናጢ ነበሩ። ሳያዩኝ አይውሉም። እኔ ስለ ብቸኛ ሽማግሌ ልጽፍ እታገላለሁ፤ እሳቸው ግን እኔ እያለሁ ብቸኛ አልሆን አሉኝ! ስለዚህ በሬን ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፍኩና በጓሮ መስኮት ተመልሼ ገባሁ። ዳቦና ውሃ ይዤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

ጋሽ መንገሻ መጥተው ጓጉንቸሩን ነካ ነካ አድርገው ተመለሱ። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሽንኩርት ሲያቁላሉ ሸተተኝ፤ አሳረሩት፣ ወጥ መሥራት አያውቁበትም። የምሳ ዕቃ ክዳን ሲገጠም ሰማሁ። ደጅ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉ! ስንቅ ይዘው ጣቢያ ቢሄዱ እርስዎንም ያስቀሩዎታል» አሏቸው።

«ታዲያ ልጁ ማን አለው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ታስሯል ብለው ነው። «አለሁ» ብል በቂ ነበር። አላልኩም። አልሰማሁም ልበል? ሰምቻለሁ። ፈርቼ ነው ልበል? ምኑን ፈርቼ? ሽማግሌው በእኔ ምክንያት ሊታሰሩ ወደሚችሉበት ቦታ ሲሄዱ እኔ ደስ ብሎኝ ብዕሬን አነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። «ስንቁን መለሱት፤ የለም አሉኝ፣ ብርቄ» ሲሉ ሰማሁ። ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደነበር በዚያ ዘመን የኖረ ያውቀዋል፤ ሞቷል ማለት ነው። ጮኾ ማልቀስም ያስጠይቅ ስለነበር ጋሽ መንገሻ አፋቸውን በትራስ አፍነው አለቀሱልኝ። እኔም የራሴን ልቅሶ ጻፍኩ። እስኪጨርሱ ድረስ ጻፍኩ።

በማግስቱ ወጣሁ። አገር ቤት ዘመድ ታሞብኝ ሄጄ ነበር አልኳቸው። አመኑኝ። በዕድሜ ልጃቸው የምሆነው እኔ ቆሜ፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ።

መጽሐፉ ሳይታተም አረፉ። እውነቱን ብነግራቸው ይቅር እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ያልነገርኳቸው፣ ከነገርኳቸው ያን ምዕራፍ ከመጽሐፉ ማውጣት ስለሚኖርብኝ ነው። ዛሬም አላወጣውም፤ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እንግዲህ በምን አፌ ይቅር በሉኝ እላለሁ?