የቶማሳ ምርቃት

ከኑኞዋ ከተማ በላይ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ብርዳም አምባ ላይ፣ አልፓካ የሚባለውን ባለ ረጅም አንገት የጠጉር እንስሳ ላርባ ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ ከመግዛቱ በፊት ቶማሳ ቃሎ ቤት ጎራ ይል ነበር። ቶማሳ የሃምሳ አራት ዓመት ባልቴት ናት። ዓይኗን ጨፍና ጠጉሩን በሁለት ጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ ይሄ የሦስት ዓመት ነው፣ ያ የሰባት ነው ትላለች፤ አትሳሳትም።

ለመጣው ሁሉ የምትነግረው አንድ ነው። አልፓካ ብቻውን አይኖርም፤ ብቻውን ከሆነ ሳር እያለው ይከሳል። በጠጡን መንጋው በሙሉ አንድ ቦታ ነው የሚጥለው፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ሄዶ ማየት ነው፣ በሽታ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ሴቷ የምትወልደው ረፋድ ላይ ነው፣ ግልገሏ ውርጭ ሳይመጣበት በፀሐይ እንዲደርቅላት፤ አመሻሽ ላይ የምትወልድ ካለች አንድ ነገር ተበላሽቷል። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ ታደርግና፣ «ወንድ ግልገል ቤት አስገብታችሁ በጡጦ እንዳታሳድጉ» ትላለች። «ሰው ነኝ ብሎ ያደገ ወንድ፣ የጎረመሰ ቀን ሰውን እንደ ተቀናቃኝ ነው የሚያየው።»

ዋይናቻ የሚባለውን ወንድ ግልገል በጡጦ ያሳደገችው እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታውቀው ቶማሳ ናት።

ጥር ላይ ነበር፤ በዚያ አገር ዝናቡ የሚበረታበት ወር ነው። ልጇ ዴልፊና ወርቅ ወደሚቆፈርበት ተራራ ምግብ ልሸጥ ብላ ከሄደች፣ ስልኳም ከተዘጋ ሁለተኛው የዝናብ ወራት ነው። ቀኑን ሙሉ በረዶ ሲወርድ ውሎ፣ ፀሐይዋ ልትገባ ስትል አንዲት ነጭ ሴት አልፓካ ወለደችና እዚያው ጭቃው ላይ ሞተች። ግልገሉ እግሩ እየተብረከረከ ተነሳ። የሞተችውን እናቱን አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ቶማሳ መጣ፣ ቀሚሷ ውስጥ አፍንጫውን ወሸቀ። እሷም በትከሻ ልብሷ ጠቅልላ ቤት አስገባችው። ዋይናቻ አለችው፤ ትንሹ ጎረምሳ እንደ ማለት ነው።

በሳምንቱ ኤርሚኒያ መጣች። ኤርሚኒያ ከወንዙ ማዶ የምትኖር፣ ዴልፊናን ክርስትና ያነሳች፣ የሠላሳ ዓመት አበልጇ ናት። ግልገሉን ምድጃው ጥግ፣ ዴልፊና ትተኛበት በነበረው የበግ ቆዳ ላይ ተጋድሞ አየችው።

«አበልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እናቱ ሞታበት ነው። ትንሽ ጠንከር እስኪል።»

«ወንድ ነው እኮ!»

«አይቻለሁ፣ ዓይን አለኝ።»

«ዛሬውኑ ከመንጋው ጋር አሳድሪው። ጡጦውንም እዚያው በረት ሄደሽ ስጪው፤ አትዳብሺው፣ አታናግሪው። አለዚያ ሲደርስ አኮላሺው። አንቺው አይደለሽ እንዴ ለሰው ሁሉ የምትለፍፊው?»

«ነገ አወጣዋለሁ» አለች ቶማሳ።

አላወጣችውም። ዋይናቻ ከሾርባዋ እየቀመሰ፣ እግር በእግር እየተከተላት አደገ። ገበያ ስትወርድ መንገዱ ድረስ ይሸኛታል፤ ስትመለስ እያንጎራጎረ ይቀበላታል። መንጋው መሃል ስታስገባው ግን ሌሎቹን እንደ ባዕድ ያያቸዋል። ሴቶቹ ይተፉበታል፣ እሱም ተመልሶ በሯ ላይ ይቆማል።

ሁለተኛውን ዓመት ሊደፍን ሲል አንድ ጠዋት ጎንበስ ብላ ለማገዶ በጠጥ ስትለቅም ጀርባዋን ቀዘቀዛት። ዞር ስትል ዋይናቻ ከኋላዋ አንድ እርምጃ ላይ ቆሟል። አንገቱን ቀጥ፣ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ልጥፍ አድርጎ፣ ያለ ድምፅ ያያታል። «ዋይናቻ» አለችው። ጆሮዎቹ ቀስ ብለው ተነሱ። ምን ሆኖ ይሆን ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች። ወንድ አልፓካ እንደዚያ የሚቆመው ከሌላ ወንድ ጋር ሊጣላ ሲል ነው።

በሦስተኛው ዓመት ክራንቻው ወጣ። ሁሉም ሰው በሽቦ መጋዝ ይቆርጠዋል፤ እሷ ዛሬ ነገ ስትል ከረመች። አንድ እሁድ ኤርሚኒያ ግቢ ስትገባ በደረቱ ገጭቶ ከድንጋዩ አጥር ጋር አጣበቃት። ቶማሳ ሮጣ ወጥታ እየገፋች ገለል ካደረገችው በኋላ፣ ፊቷ ፍም መስሎ፣ «አንሸራትቶሽ ነው አበልጄ፣ ጭቃው ነው» አለቻት።

ኤርሚኒያ ክርኗን እያሻሸች አየቻት። «እሺ፣ ጭቃው ነው» አለችና ሄደች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ቶማሳ በገዛ ግቢዋ ዱላ ይዛ መንቀሳቀስ ጀመረች። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ መጀመሪያ በበሩ ስንጥቅ ታያለች። የት እንዳለ ታውቃለች፤ ሁልጊዜ በሩ ፊት ለፊት ነው። ማኮላሸቱ አሁን ምንም እንደማይለውጥ ታውቃለች፤ ጠባዩ ከያዘ ይዟል። ማረዱን ስታስብ ደግሞ ያ የጥር አመሻሽ፣ ቀሚሷ ውስጥ የገባው አፍንጫ ይመጣባታል።

ግንቦት ላይ ዶን ኤቫሪስቶ የሚባል ሰው ከሲኩዋኒ ሸለቆ መጣ። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሚስቱ ቤኒታ አልፓካ እናርባ ብላ አላስቀምጥ ብላዋለች።

«ሃያ ስምንት ዓመት መኪና ነድቻለሁ ዶኛ ቶማሳ» አለ፣ የሚያኝከውን የኮካ ቅጠል ጉንጩ ውስጥ እያስተካከለ። «መኪና ሊበላሽ ሲል ይጮሃል። እነዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እነዚህ ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ነው መፍራት ያለብዎት።»

«እንደ ባለቤቴ በሉኛ!» ብሎ ሳቀ።

ስድስት ሴት አልፓካዎች መረጠችለት። ስለ በጠጡ፣ ስለ ረፋዱ ወሊድ፣ ስለ ብቸኝነቱ ነገረችው። የመጨረሻውን ምክር ግን ዘለለችው። ዋይናቻ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ የሰውዬውን ፊት ያሸት ነበር።

«ይሄ ደግሞ ሰላም ይላል እንዴ! ቤኒታ ይሄን ብታይ ታብዳለች። እኛ ቤት ልጅ የለም፤ እንደ ልጅ ነበር የምትይዘው። አይሸጥም?»

ቶማሳ አንድ ቃል ብትናገር በቂ ነበር።

«አይሸጥም» አለች። «ምርቃት ነው፣ ይውሰዱት።»

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ዱላ ወጥታ ገባች። ግቢው ሰፋት። በአምስተኛው ቀን ኤርሚኒያን ወንዙ ዳር አገኘቻት።

«ሄደ አሉ» አለች ኤርሚኒያ። «ለማን ሰጠሽው?»

«ለሲኩዋኒው ሹፌር።»

«ነገርሽው?»

ቶማሳ ጎንበስ ብላ ባልዲዋን አነሳች።

«ቶማሳ» አለቻት ኤርሚኒያ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ነገርሽው ወይ?»

ያን ማታ ድንች ስትልጥ አንዲት የማታውቃት ሴት ጎንበስ ብላ ትታያታለች፤ ከኋላዋ አንድ እርምጃ ላይ የቆመውም ይታያታል። በማግስቱ ንጋት ላይ ገበያተኛ የጫነ መኪና ላይ ተሳፈረች። መንገዱ አላልቅ አላት። ሁለቴ ቆመው ጎማ ሲቀይሩ ሹፌሩን «ፍጠን እንጂ፣ ፍጠን!» እያለች ስትጨቀጭቀው፣ «እማማ፣ የሚወልድ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀባት።

ቤቱን ጠይቃ ስትደርስ ቀትር ሆኗል። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ቤኒታ፣ ደልደል ያለች ሴት፣ ጀርባዋን ለግቢው ሰጥታ አንሶላ ታሰጣለች። ክንዷ ላይ የበለዘ ምልክት አለ። ዋይናቻ ከኋላዋ ቆሟል፤ አንገቱ ቀጥ፣ ጆሮው ልጥፍ። ስድስቱ ሴት አልፓካዎች የግቢው ጥግ ተከማችተው አንዳቸውም ሳር አይነጩም።

«ዶኛ ቤኒታ» አለች ቶማሳ፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ጎንበስ እንዳይሉ። አንሶላውን እንደያዙ ቀስ ብለው ወደ ቤት ይግቡ።»

«ማን ነሽ አንቺ?»

ዋይናቻ ድምጿን አወቀው። ዞረ። አንድ አፍታ፣ ያኔ በጡጦ ጊዜ እንደሚያደርገው አንጎራጎረ፣ ቶማሳም እጇን ልትዘረጋ ቃጣት። ከዚያ ጮኸ። ያን ጩኸት አውራዎች ሲጣሉ ሰምታዋለች፤ ወደ ራሷ ሲመጣ ግን ሰምታው አታውቅም። በደረቱ ጣላት፣ ጉልበቷን ነከሳት፣ በፊት እግሮቹ ተንበርክኮባት በክብደቱ ተጫናት። ግራ ክንዷ ከሥሩ ሲሰበር ድምፁን ሰማች። ቤኒታ አንሶላውን ራሱ ላይ ወርውራ ስትጮህ፣ ኤቫሪስቶ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ከቤት ወጣና እስኪላቀቅ ድረስ መታው።

ግድግዳው ሥር አስደግፈዋት ውሃ ሲሰጧት፣ ሳትጠጣ ተናገረች። ምኑንም አላስቀረችም፤ የጡጦውን፣ የኤርሚኒያን ክርን፣ ዱላውን። «አውቅ ነበር» አለች። ኤቫሪስቶ ሰምቶ ሲያበቃ ዋይናቻን ከግንድ ጋር አስሮ ቢላ ሊስል ገባ። ቶማሳ አትግደሉት አላለችም። አልቅሳም እንደሆን ማንም አላየባትም። ዋይናቻ ከታረደ በኋላ ኤቫሪስቶ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ክንዷ ጠሞ ዳነ። ጣቶቿ ግን አይጨብጡም፤ ጠጉር በቀኟ ብቻ ነው የምትዳስሰው። ኤርሚኒያ ሾርባ ትልክላት ነበር፣ እሷ ራሷ ግን ለመምጣት ወራት ፈጀባት።

በኅዳር፣ በጠጉር ሸለታው ወቅት፣ ቤኒታ ብቻዋን መጣች። በረቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና መንጋውን አየች።

«ስድስቱም አርግዘዋል» አለች። «ኤቫሪስቶ እዚያ ቤት እንዳትደርሺ ብሎኛል።»

«ልክ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባትመጪ ኖሮ እኮ እኛ አናውቅብሽም ነበር። ስትሰጪው እንጂ ስታሳድጊው አላየንሽ። ለምን መጣሽ?»

«ጀርባሽ ነው የታየኝ» አለች ቶማሳ። «ፊትሽን እንኳ አላውቀውም ነበር፤ ጀርባሽ ብቻ።»

ቤኒታ ራሷን ነቀነቀች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ተነስታ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ በረት ገብታ አንዷን ቡናማ አልፓካ አስተኛችና እግሮቿን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

«በይ» አለች፣ «መቀሱን በቀኝሽ ያዢ። እኔ እይዝልሻለሁ።»